ኤኢኤስ-256 «ተሰብሯል» ተብሎ የጅማ–አጋሮን መስመር መቀየር ያስፈልጋል?

ሕርማታ_ኔት፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጅማ ያለ አንድ የቡና ድርጅት አጋሮ እና ሊሙ ገነት ካሉት መጋዘኖቹ ጋር በማይክሮቲክ ራውተሮች ይገናኛል። የአጋሮው መስመር አይፒሴክ ነው (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ማለትም ቪፒኤን፣ የሚሠራበት ስልት)፤ ምስጠራው ኤኢኤስ-256፣ ማለትም ባለ 256 ቢት ቁልፉ ኤኢኤስ። የሊሙ ገነቱ ከድሮ ጀምሮ የሚሠራው በፒፒቲፒ፣ በአሮጌው የቪፒኤን ስልት ነው። በሁለቱም መጋዘኖች የአየር እርጥበትና ሙቀት የሚልኩ ኢኤስፒ32 በተባለው ትንሽ ቺፕ የሚሠሩ መለኪያዎች አሉ። እነሱም መረጃቸውን በኤኢኤስ-ጂሲኤም (የሚመሰጥርም፣ መልእክቱ አለመነካቱን የሚያረጋግጥም አሠራር) መስጥረው ነው የሚልኩት።

ሰሞኑን በተደረገ የደኅንነት ግምገማ «ኤኢኤስ-256 በ2^99.5 ተሰብሯል፤ ኤኢኤስ-128ም ከ2^128 በታች ወርዷል፤ ስልቱ ይቀየር» የሚል አስተያየት ተጽፏል። ስለ ሊሙ ገነት መስመር ግን አንድም ቃል የለም። እነዚህ ቁጥሮች እንዴት ነው የሚነበቡት? የሚቀየር ነገር ካለስ ከየትኛው እንጀምር?

ባይት_ቆጣሪ፦
ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ መደምደሚያው ግን ከቁጥሮቹ አይወጣም። 2^128 ማለት 2 በራሱ 128 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው የሙከራ ብዛት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስለ አንድ ጥቃት ስትሰማ ሦስት ነገር አብረህ ጠይቅ፦ ስንት ስሌት ይፈልጋል? ስንት ዳታ ይፈልጋል? አጥቂው ምን ማድረግ ይችላል ተብሎ ታስቦ ነው? ብዙ ጊዜ የሚወራው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ የሚወስነው ግን ሦስተኛው ነው።

የኤኢኤስ-128ቱ በ2011 ቦግዳኖቭ፣ ክሆቭራቶቪች እና ሬክበርገር ያወጡት ባይክሊክ የሚባለው ጥቃት ነው። ስሌቱን ከ2^128 ወደ 2^126.1 ያወርደዋል፤ አራት እጥፍ እንኳ የማይሞላ ቅናሽ ነው። በሴኮንድ 10^18 ቁልፍ የሚሞክር ማሽን ቢኖር 2.9 ትሪሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ላይ አጥቂው ራሱ መርጦ ምስጠራውን ያስፈታው 2^88 ብሎክ መሰብሰብ አለበት። አንድ ብሎክ 16 ባይት ስለሆነ ይህ 2^92 ባይት ይሆናል። በአንድ ቁልፍ ይህን ያህል የሚያሳልፍ መስመር የትም የለም።

2^99.5 የሚለው በ2009 የቢርዩኮቭ እና የክሆቭራቶቪች ሥራ ነው። እሱ ደግሞ ዝምድና ያላቸው ቁልፎች ጥቃት ይባላል፤ አጥቂው በአራት ቁልፎች የተመሰጠረ ዳታ ያገኛል፣ በቁልፎቹ መካከል ያለውን ልዩነትም የሚመርጠው ራሱ ነው። ጥቃቱ የተገኘው ኤኢኤስ-256 ከዋናው ቁልፍ የየዙሩን ቁልፍ የሚያወጣበት መንገድ ቢቶቹን በዝግታ ስለሚያደባልቅ ነው። በዚህ ሁኔታ 256 ከ128 ደክሞ መታየቱ ብዙ ሰው ያስገርማል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አይፒሴክ ቁልፉን የሚያወጣው በአይኬ (ሁለቱ ጫፎች ቁልፍ በሚስማሙበት) ልውውጥ በሃሽ (ከዳታ ቋሚ ርዝመት ያለው፣ ወደ ኋላ የማይመለስ አሻራ በሚያወጣ ስሌት) አልፎ ስለሆነ በሁለት ቁልፎች መካከል አጥቂ የሚያውቀው ዝምድና አይኖርም። የአጋሮው መስመር በዚህ ጥቃት አይነካም። የሚነካው፣ አንድ ፕሮግራመር በራሱ መንገድ ለመሣሪያ 1 ዋናውን ቁልፍ በ1፣ ለመሣሪያ 2 በ2 ኤክስኦር (ሁለት ጊዜ ሲደረግ የሚሰረዝ የቢት ስሌት) እያደረገ ቁልፍ ሲያድል ነው። እንዲህ ያለ ኮድ መጋዘን መለኪያዎቹ ውስጥ ካለ አውጡትና ኤችኬዲኤፍ (ከአንድ ቁልፍ ዝምድና የማይታይባቸው ቁልፎች የሚያወጣ ስልት) ተኩበት።

የኪቶ_ልጅ፦
ጋሽ ባይት ቆጣሪ፣ እንዲህ ከሆነ እነዚህ ጥቃቶች ለጥናት ወረቀት ብቻ ናቸው ማለት አይደለም እንዴ? እኛ ኔትወርክ ላይ ለምንሠራው ምን ፋይዳ አላቸው? ያብራሩልን።

አዌቱ፦
ላቋርጥህ ወንድሜ፤ እንዲህ ተብሎ ችላ የተባለው ሁሉ ኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

አርሲ4 የተባለውን፣ በዘፈቀደ የሚመስል የባይት ዥረት እያመነጨ የሚመሰጥር ስልት ውሰድ። በ2001 ማንቲን እና ሻሚር ከሚያመነጨው ዥረት ሁለተኛው ባይት ዜሮ የመሆን ዕድሉ ከ256 አንድ መሆን ሲገባው ሁለት መሆኑን አሳዩ። ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። በዚያው ዓመት ፍሉረር፣ ማንቲን እና ሻሚር ዌፕ የሚባለውን የዋይፋይ ምስጠራ መስበሪያ መንገድ አወጡ። በ2013 ጥቃቱ በቲኤልኤስ (ድረ ገጾች በሚመሰጠሩበት ስልት) ላይ መጣ፤ በ2015 ደግሞ የአንድ ድረ ገጽ ኩኪ (ተጠቃሚው የገባበትን የሚያስታውስ ምስጢር) በ75 ሰዓት ውስጥ ወጣ። በዚያው ዓመት የካቲት ወር አርሲ4 ከቲኤልኤስ ተከለከለ።

ኤምዲ5 የተባለው ሃሽም እንደዚሁ ነው። በ2004 ዋንግ እና ባልደረቦቿ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት ሃሽ እንዲያወጡ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2008 ተመራማሪዎች 200 ፕሌይስቴሽን 3 አገናኝተው አሳሾች ሁሉ የሚያምኑት የሐሰት ሰርተፍኬት ሰጪ ሠሩ። ሌላው ሃሽ ሻ-1 በ2005 ወደ 2^69 ወረደ፣ በ2017 በ2^63.1 በተግባር ተሰበረ፣ በ2020 ደግሞ ይበልጥ አደገኛው ዓይነት 75,000 ዶላር ገደማ በወጣበት የጂፒዩ ኪራይ ተሠራ።

ከባይክሊኩ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጥቂው በእውነት ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ነው የሚጠይቁት። የአርሲ4 አጥቂ የሚያልፈውን ማዳመጥ ብቻ ነበረበት፤ የኤምዲ5ቱ ሁለት ፋይል ራሱ አዘጋጅቶ አንዱን ማስፈረም። ሁኔታው የሚሆን ከሆነ ቁጥሩ በየዓመቱ ይወርዳል፤ ኮምፒውተር ይረክሳል፣ ሰውም ዘዴውን ያሻሽላል። ሁኔታው የማይሆን ከሆነ ግን ቁጥሩ ቢወርድም መስመርህን አይነካም።

ሕርማታ_ኔት፦
ይህ ገብቶኛል፤ እናመሰግናለን። የአጋሮው አይፒሴክ የማረጋገጫ ስልቱ ሻ-1 ነው የሚለው። ያም መቀየር አለበት ማለት ነው?

ባይት_ቆጣሪ፦
እዚያ ያለው ኤችማክ-ሻ-1 ነው፤ ሻ-1 ከምስጢር ቁልፍ ጋር ሆኖ መልእክት የሚያረጋግጥበት ማለት ነው። ለኤችማክ የሚያስፈልገው ጥንካሬ ሌላ ስለሆነ የሃሽ ግጭት (ሁለት ፋይሎች አንድ ሃሽ ማውጣታቸው) አይሰብረውም። ሌሊት ተነስተህ የምትቀይረው ነገር አይደለም። ግን ሻ-256 አለ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሌላውን ስትነካ አብረህ ቀይረው።

ጊቤ_64፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ማይክሮቲክ ላይ ነባሪውን የአይፒሴክ ፕሮፋይል (የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ የቁልፍ ስምምነቱን ቅንብር) ሳትነኩ ከተዋችሁት ውስጡ ትሪፕል ዴስ (አሮጌ ምስጠራ) እና ሞድፒ1024 (ባለ 1024 ቢት የቁልፍ ልውውጥ) ተፈቅደው ነው የሚመጡት። «ምስጠራችን ኤኢኤስ-256 ነው» ማለት የተፈቀደው እሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ከዚያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ትሪፕል ዴስ ብቻ ካቀረበ በእሱ ይስማማሉ።

ትሪፕል ዴስ ቁልፉ አይደለም ችግሩ፤ ብሎኩ 64 ቢት ብቻ መሆኑ ነው። ብሎኮቹ በሚሰንሰሉበት በሲቢሲ አሠራር እያንዳንዱ ብሎክ ከመመስጠሩ በፊት ከቀደመው የተመሰጠረ ብሎክ ጋር ኤክስኦር ይደረጋል። ስለዚህ ሁለት የተመሰጠሩ ብሎኮች በአጋጣሚ እኩል ከመጡ፣ የሁለቱ ግልጽ ጽሑፎች ኤክስኦር ከሁለቱ ቀዳሚ ብሎኮች ኤክስኦር ጋር እኩል ነው። ቀዳሚዎቹን አዳማጩ መስመሩ ላይ ያያቸዋል። ከሁለቱ ግልጽ ጽሑፎች አንዱን ካወቀ (የኤችቲቲፒ ራስጌ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው) ሌላውን በአንድ ኤክስኦር ያወጣዋል። ቁልፉን መስበር አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለ ግጭት የሚጠበቀው 2^32 ብሎክ አካባቢ ነው፤ በ8 ባይት ሲባዛ 32 ጊጋባይት። እዚያ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ግጭት የመገኘት ዕድሉ ወደ 40 በመቶ ነው። 10 ሜጋቢት መስመር ሞልቶ ቢሠራ 32 ጊጋባይት በሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ በ100 ሜጋቢት በ46 ደቂቃ። ማታ ማታ የሒሳብ ዳታቤዝ መጠባበቂያ ከአጋሮ ወደ ጅማ የሚቀዳ ከሆነ ይህ ሩቅ አይደለም። በ2016 ስዊት32 በሚል ስም ያሳዩት ተመራማሪዎች 785 ጊጋባይት ሰብስበው ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ኩኪ አውጥተዋል።

ለኤኢኤስ ያው ስሌት ሲሠራ፣ ብሎኩ 128 ቢት ስለሆነ በ10 ሜጋቢት 7 ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

መፍትሔው ትሪፕል ዴስን ከፕሮፋይሉም ከፕሮፖዛሉም (ከሁለተኛው ምዕራፍ፣ ከዳታው ምስጠራ ቅንብር) ማንሳት ነው። በሌላኛው ጫፍ ባለ አሮጌ መሣሪያ ምክንያት የግድ ከሆነ የቁልፉን ዕድሜ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በባይትም ወስኑት። በየ1 ጊጋባይቱ ቁልፍ ከተቀየረ በአንድ ቁልፍ ግጭት የመገኘት ዕድሉ ከ2,048 አንድ ይሆናል። ያም ቢሆን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አይደለም።

አዌቱ፦
እህታችን ያነሳችው ሞድፒ1024 ላይ ልጨምር። ሞድፒ1024 ማለት ዲፊ-ሄልማን የተባለው የቁልፍ ልውውጥ በ1024 ቢት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሁሉም የሚጠቀመው አንድ የታወቀ ዋና ቁጥር ነው። በ2015 ሎግጃም በሚል የወጣው ጥናት እንዳሳየው ከባዱ ስሌት ለዚያ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ግንኙነት መክፈት ቀላል ነው። 512 ቢቱን በተግባር አድርገውታል፤ 1024ቱን አንድ ትልቅ መንግሥት ሊያደርገው ይችላል ብለው ገምተዋል። ቢያንስ ሞድፒ2048 ወይም ኢሲፒ256 (በኩርቭ የሚሠራውን ልውውጥ) አድርጉት፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ፒኤፍኤስ (ለዳታው አዲስ የቁልፍ ልውውጥ በሚደረግበት ቅንብር) ላይም እንደዚያው። ሰው የመጀመሪያውን ቀይሮ ሁለተኛውን ይረሳል።

ባይት_ቆጣሪ፦
ሕርማታ፣ «ከየትኛው እንጀምር» ብለህ ነበር። ከሊሙ ገነት ጀምር፤ ዛሬውኑ። ፒፒቲፒ ላይ ያለው ድካም ስለ ኤኢኤስ ከተጻፈው ሁሉ ይብሳል።

አሠራሩ ይኸውልህ። ፒፒቲፒ የይለፍ ቃል የሚያረጋግጥበት ኤምኤስ-ቻፕ2 ከይለፍ ቃሉ 16 ባይት ሃሽ ያወጣል። አምስት ዜሮ ባይት ጨምሮ 21 ያደርገዋል፣ ሰባት ሰባት ባይት አድርጎ ለሦስት ይከፍለዋል፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ዓይነት 8 ባይት በዴስ (ቁልፉ 56 ቢት በሆነው አሮጌ ምስጠራ) ይመሰጥራል። ሦስተኛው ቁራጭ ውስጥ የማይታወቀው ሁለት ባይት ብቻ ስለሆነ 65,536 ሙከራ ይበቃዋል፤ ላፕቶፕ በቅጽበት ይጨርሰዋል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የሚመሰጥሩት ያንኑ 8 ባይት ስለሆነ አጥቂው በዴስ ቁልፎች ውስጥ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ለሁለቱም ያወዳድራል። ጠቅላላው ሥራ 2^56 ነው። በ1998 ዲፕ ክራክ የተባለው ማሽን አንድ የዴስ ቁልፍ በ56 ሰዓት አግኝቷል፤ በ2012 ደግሞ ይኸው የኤምኤስ-ቻፕ2 ጥቃት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ የሚጨርስ የኪራይ አገልግሎት ሆኖ ቀረበ።

አስተውል፣ እዚህ የይለፍ ቃሉ ርዝመት አይረዳም። 40 ፊደል ቢሆንም ሃሹ 16 ባይት ነው፤ አጥቂው የሚፈልገው ሃሹን ነው። በሃሹ ይገባል፣ የተቀዳውንም ትራፊክ ይከፍታል። የትራፊኩ ምስጠራ ራሱ አርሲ4 ነው።

ሕርማታ_ኔት፦
እግዜር ይስጥልኝ። በምን ልተካው? ራውተሮቹ ራውተርኦኤስ 7 ናቸው።

ጊቤ_64፦
7 ከሆነ ዋየርጋርድ የተባለው አዲሱ ቪፒኤን ይሻልሃል። ስልት የሚመረጥበት ድርድር ስለሌለው ወደ አሮጌ የሚወርድበት መንገድ የለም፤ ኩርቭ25519 እና ቻቻ20-ፖሊ1305 ብቻ ነው። በሁለቱም ጫፍ ቁልፍ አመንጭ፣ የሚለዋወጡት የአደባባይ ቁልፉን ብቻ ይሁን። ሊሙ ገነት ያለው ራውተር ከናት ጀርባ (የራሱ የአደባባይ አይፒ ሳይኖረው) ስለሚሆን በእሱ በኩል ኪፕአላይቭ (መስመሩ እንዳይዘጋ የሚላክ ትንሽ መልእክት) በየ25 ሴኮንዱ አድርግ።

ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛ ኤምቲዩ (አንድ ፓኬት የሚይዘው ትልቁ የባይት መጠን)፦ ፒንግ ይሄዳል፣ ትልቅ ፋይል ግን ይቆማል። የተለመደው 1420 ነው፤ የኢንተርኔት መስመሩ በፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል በሚገናኝበት መንገድ) ከሆነ ወደ 1412 አውርደው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ዋየርጋርድ የድሮ መልእክት እንዳይደገም የመጨረሻውን የጊዜ ማህተም ያስታውሳል፤ ወደ ኋላ የሄደ ሰዓት ይዞ የመጣን ጥያቄ አይቀበልም። የሰዓት ባትሪ የሌለው ራውተር መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ቪፒኤኑ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ዝም ይላል። ስለዚህ ኤንቲፒው (ሰዓት ከኢንተርኔት የሚያስተካክለው) በቪፒኤኑ ውስጥ አይለፍ፤ በቀጥታ በኢንተርኔቱ በኩል ሰዓቱን ያምጣ። ሰዓት ሲስተካከል ቪፒኤኑ ራሱ ይነሳል።

ሴንሰር_ቦሳ፦
መለኪያዎቹን ማንም አላነሳም፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን እነሱ ናቸው። ጂሲኤም ለእያንዳንዱ መልእክት 12 ባይት ኖንስ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር፣ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በቆጣሪ ይወጣል፤ በአንድ ቁልፍ አንድ ኖንስ ሁለት ጊዜ መምጣት የለበትም። ብዙ የኢኤስፒ32 ኮድ ቆጣሪውን ራም ውስጥ ነው የሚይዘው። መብራት ሲሄድ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ቁልፉ ግን ያው ነው።

ከዚያ የሚሆነውን በቅርብ እንየው። ጂሲኤም ውስጡ የቆጣሪ ምስጠራ ስለሆነ ያው ኖንስ ያንኑ የቁልፍ ዥረት ያወጣል። የትናንቱ አምስተኛ መልእክት እና የዛሬው አምስተኛ መልእክት ኤክስኦር ሲደረጉ ዥረቱ ይጠፋና የሁለቱ ግልጽ ጽሑፎች ኤክስኦር ይቀራል። መልእክቱ «እርጥበት፦58» ዓይነት ቋሚ ቅርጽ ካለው ሁለቱንም ማንበብ ቀላል ነው። የባሰው ግን ማረጋገጫው ነው። ዡ በ2006 እንዳሳየው ኖንስ ሲደገም ከሁለቱ የማረጋገጫ መለያዎች ፖሊኖሚያል ተሠርቶ ሥሮቹ ሲፈለጉ የማረጋገጫ ቁልፉ ይወጣል። ያን የያዘ ሰው የሐሰት መልእክት ይፈርማል፦ መጋዘኑ እርጥበት 80 በመቶ ደርሶ ሳለ ጅማ ያለው ስክሪን 58 ያሳያል፤ ቡናው ሲሻግት ማንም አያውቅም። እዚህ ላይ የኤኢኤስን ጥንካሬ ማንም አልነካም።

አስተካከሉ እንዲህ ነው። ቆጣሪውን በየመልእክቱ ፍላሽ ላይ አትጻፉ፤ ያልቃል። በ1,000 ክፍተት ያዙ። ሲነሳ ከፍላሽ የተጻፈውን ቁጥር ያንብብ፣ 1,000 ጨምሮ መልሶ ይጻፍ፣ መጻፉ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ካነበበው ቁጥር ጀምሮ ይላክ። 1,000ው ሲያልቅ ሌላ ክፍተት ይውሰድ። በየ5 ደቂቃው የሚልክ መለኪያ በቀን 288 መልእክት ስለሚልክ የሚጽፈው በሦስት ቀን ተኩል አንዴ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ አንድ ተጨማሪ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ልኮ ቆይቶ ከጻፈ፣ ጥቅሙ ይጠፋል።

ሌላው፣ ሁለት መለኪያዎች አንድ ቁልፍ ከተጋሩ ሁለቱም ከዜሮ ይጀምራሉና መብራት ባይሄድም ኖንሱ ይደገማል። ለእያንዳንዱ የራሱን ቁልፍ ስጡ።

የኪቶ_ልጅ፦
ቆጣሪውን ትቶ ኖንሱን በዘፈቀደ ማውጣት አይቀልም? መብራቱ ፍላሹ በሚጻፍበት ቅጽበት ቢሄድስ?

ሴንሰር_ቦሳ፦
በዘፈቀደ ይቻላል፤ በአንድ ቁልፍ ከ2^32 መልእክት እስካላለፈ ድረስ፣ ለመለኪያ ደግሞ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ኢኤስፒ32 እውነተኛ ዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠው ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ በርቶ ሳለ ነው። ኮዱ ባትሪ ለመቆጠብ መጀመሪያ መስጥሮ ኋላ ዋይፋይ የሚያበራ ከሆነ ዋስትናው ቀርቷል። ዋይፋዩ ይብራ፣ ከዚያ ኖንሱ ይውጣ።

ስለ ፍላሹ፣ ኤንቪኤስ የተባለው የኢኤስፒ32 የፍላሽ ማስቀመጫ መብራት ሲቋረጥ የቀድሞው እሴት እንዳይጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። በራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ ሁለት ቦታ እያፈራረቃችሁ ከሲአርሲ (የተጻፈው አለመበላሸቱን ከሚያሳይ መፈተሻ ቁጥር) ጋር ጻፉ፤ ሲነሳ ሲአርሲው ልክ ከሆነው ትልቁን ይውሰድ። አንዱም ልክ ካልሆነ መላክ የለበትም፤ አዲስ ቁልፍ ይጠብቅ።

አዌቱ፦
የአጋሮው አይፒሴክ የጋራ ቁልፍ ምን ዓይነት ነው? የከተማ ስምና ዓመተ ምሕረት ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። አይኬ1 በአግረሲቭ ሞድ (ባጠረው የልውውጥ ዓይነት) ከጋራ ቁልፉ የተሠራውን ሃሽ ላዳመጠ ሁሉ ይሰጣል፤ አጥቂው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገምታል። ስምንት ትንንሽ የላቲን ፊደል ማለት 26^8፣ ወደ 209 ቢሊዮን ነው። በሴኮንድ 100 ሚሊዮን የሚሞክር ማሽን 35 ደቂቃ ይፈጅበታል። አይኬ2 ይሻላል፤ ነገር ግን ተቀባዩን መስሎ መሃል የገባ አጥቂ እዚያም የሚገምትበት ነገር ያገኛል። 32 ባይት በኮምፒውተር የወጣ ዘፈቀደ ቁልፍ አድርጉ፤ ራውተሩ ውስጥ የሚለጠፍ ነውና ማንም በቃሉ መያዝ የለበትም።

በሰርተፍኬት የምትሠሩ ከሆነም ቁልፉን አዲስ ራውተር ገና ሲነሳ አታመንጩበት። በ2012 ሄኒንገር እና ባልደረቦቿ ኢንተርኔቱን ቃኝተው ብዙ ራውተሮችና ፋየርዎሎች በመጀመሪያ ማብሪያቸው በቂ ዘፈቀደ ስላልነበራቸው አንድ ዋና ቁጥር የተጋሩ የአርኤስኤ ቁልፎች ማውጣታቸውን አገኙ (የአርኤስኤ ቁልፍ የሁለት ዋና ቁጥሮች ብዜት ነው)። ሁለት እንዲህ ያሉ ቁልፎች ሲገኙ ትልቁን የጋራ አካፋይ መፈለግ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ወዲያው ይበተናሉ። አርኤስኤን ፊት ለፊት ለመበተን በ2020 የተደረሰበት 829 ቢት ነው፤ ለዚያም ወደ 2,700 የኮር ዓመት ፈጅቷል። 2048 ቢት ቁልፍ በዚያ መንገድ አይነካም፤ በአካፋዩ መንገድ ግን በሴኮንድ ይወድቃል።

የኪቶ_ልጅ፦
ኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣስ?

ባይት_ቆጣሪ፦
ኤኢኤስ-256 በግሮቨር ስልት በወረቀት ላይ ወደ 2^128 ይወርዳል፤ ያም በቂ ነው። የሚወድቁት በሾር ስልት አርኤስኤ፣ ዲፊ-ሄልማን እና እንደ ኩርቭ25519 ያሉት ኩርቮች ናቸው። ዋናው ጥያቄ ዛሬ የሚቀዳው ትራፊክ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢከፈት ይጎዳል ወይ ነው። የዘንድሮ የቡና ዋጋ ድርድር አይጎዳም፤ የሠራተኛ የሕክምና መዝገብ ይጎዳል። የመጀመሪያዎቹ የተተኪ ስልቶች ደረጃዎች በነሐሴ 2024 ወጥተዋል። መሣሪያዎቻችሁ በእነሱ መሥራት እስኪጀምሩ ድረስ ዋየርጋርድ ላይ ከአደባባይ ቁልፉ በተጨማሪ የጋራ ምስጢር ቁልፍ የሚገባበት ቦታ አለ፤ እሱን 32 ባይት ሙሉት፣ በአካል ይዛችሁ ሂዱ እንጂ በቴሌግራም አትላኩት።

ሕርማታ_ኔት፦
የአጋሮውን ከቀየርኩ በኋላ በእርግጥ መቀየሩን በምን አረጋግጣለሁ?

ጊቤ_64፦
የጻፍከውን ሳይሆን የተስማሙበትን ተመልከት። መጀመሪያ ከሁለቱም ጫፍ የድሮዎቹን ግንኙነቶች አጥፋ፤ ካልጠፉ ቁልፋቸው እስኪያልቅ በድሮው ይቀጥላሉ። ከዚያ በተጫኑ ኤስኤዎች (ሁለቱ ጫፎች የተስማሙባቸው ግንኙነቶች) ዝርዝር ውስጥ የምስጠራና የማረጋገጫ ዓምዶችን አንብብ። በመጨረሻ በሚጠበቀው አይፒ ላይ ላፕቶፕ አድርገህ ትክክለኛውን የጋራ ቁልፍ ስጠው፤ ትሪፕል ዴስ እና ሞድፒ1024 ብቻ አቅርቦ ይሞክር። ሎጉ ላይ «ፕሮፖዛል አልተመረጠም» የሚለው ከመጣ ተዘግቷል፤ ከተገናኘ ግን ነባሪው ፕሮፋይል አሁንም ለአንዱ ፒር (በራውተሩ ለተመዘገበ ተገናኝ) ተሰጥቶ አለ ማለት ነውና ፒሮቹን አንድ በአንድ ክፈታቸው።